ወደ ፈለገችበት የምትነጥር ኳስ

የአውስትራሊያ እግር ኳስ ሊግ (ኤኤፍኤል) ከ2026 የውድድር ዘመን ጀምሮ አንድ የቆየ ልማድ እንዲቀር ወስኗል። እስከዚያ ድረስ ጨዋታ ሲጀመር የመሃል ዳኛው ኳሷን በሁለት እጁ ይዞ መሬት ላይ በኃይል ይፈጠፍጣት ነበር። ኳሷ ወደ ሰማይ ትነጥራለች፣ ሁለት ረጃጅም ተጫዋቾች ዘለው ይሻሙባታል። አሁን ግን ዳኛው ወደ ላይ ይወረውራታል፣ አለቀ። ምክንያቱ የሚገባ ነው። ኳሷ ሞላላ ስለሆነች ቀጥ ብላ አትነጥርም፤ ጥሩ ፍርድ ያለው ዳኛም ኳስ ማንጠር ስላቃተው ብቻ ከላይኛው ደረጃ መቅረት የለበትም።

በውሳኔው አልጣላም። የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ይሄ ሊግ የኳስ ዕድል ሲያዳላ ቶሎ ብሎ ያስተካክላል፤ ሰው የሠራው አድልዎ ሲሆን ግን ዓይኑን ጨፍኖ ያልፋል። ስለ ፉቲ የወደፊት ዕጣ የማስበው ሁሉ ከዚህ ይነሳል።

ለማያውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ፉቲ (እዚህ ሜልበርን ሁሉም የሚጠራው እንዲህ ነው) በሞላላ ሜዳ 18 ለ18 ሆነው የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። ኦፍሳይድ የሚባል ነገር የለም። ኳሷን በእግር መምታትም በእጅ መያዝም ይቻላል፤ በእጅ ማቀበል ከፈለግክ ግን መወርወር አይፈቀድም፣ በቡጢ መምታት አለብህ። ይዘህ ስትሮጥ በየ15 ሜትሩ ማንጠር ይጠበቅብሃል። ቢያንስ 15 ሜትር የተጓዘች ምት አየር ላይ ከቀለብክ «ማርክ» ይባላል፤ ማንም ሳይነካህ ተረጋግተህ ትመታለህ። ለዚህ ብለው ሌላው ሰው ትከሻ ላይ ወጥተው ኳስ የሚቀልቡ ልጆችን ያላየ ሰው የሰው ልጅ መብረር እንደማይችል እርግጠኛ አይሁን።

የጎሉ ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። በየጫፉ አራት ቋሚዎች አሉ። በመሃለኞቹ ሁለት መካከል ካስገባህ 6 ነጥብ ነው። ስተህ በጎን ባሉት መካከል ካለፈችም 1 ነጥብ ይሰጥሃል። አዎ፣ ስተህም ነጥብ ታገኛለህ! መጀመሪያ ስሰማው ቀልድ መስሎኝ ነበር። ግን እዩት፦ በ1966 ለዋንጫ ሴንት ኪልዳና ኮሊንግዉድ ሲጋጠሙ ሁለቱም 10 ጎል አገቡ፤ ሴንት ኪልዳ በአንድ ነጥብ አሸነፈ፣ 74 ለ73። ክለቡ እስከ ዛሬ ያለው ብቸኛ ዋንጫ የመጣው ከአንድ የሳተ ምት ነው ማለት ነው። በ2023 ደግሞ ብሪዝበን 13 ጎል አግብቶ 12 ባገባው ኮሊንግዉድ 90 ለ86 ተሸነፈ፤ ኮሊንግዉድ 18 ጊዜ ስቶ ነበርና። በዚህ ጨዋታ ሙከራ ራሱ ዋጋ አለው። ከዚህ የሚያምር ሕግ በየትኛውም ስፖርት አላየሁም።

ወደ ሊጉ አሠራር ስንመጣ፣ እንደ እኔ ፕሪሚየር ሊግ እያየ ያደገ ሰው የሚደነግጥበት ነገር አለ። እንግሊዝ ውስጥ ሀብታሙ ክለብ ጥሩውን ልጅ ይገዛል። እዚህ መሸጥና መግዛት የለም። የየክለቡ ደሞዝ ጣሪያ አለው፤ አዳዲስ ተጫዋቾች የሚከፋፈሉትም በድራፍት ነው፣ መጨረሻ የወጣው ክለብ መጀመሪያ ይመርጣል። ውጤቱን ቁጥር ይናገር፦ ፕሪሚየር ሊግ ከተጀመረበት ከ1992 እስከ 2025 ዋንጫውን ያነሱት 7 ክለቦች ብቻ ናቸው፤ በዚያው ዘመን በኤኤፍኤል 14 ክለቦች አንስተዋል። ያሉት ደግሞ 18 ናቸው።

ከነዚህ አንዱ ዌስተርን ቡልዶግስ ነው፣ የምዕራብ ሜልበርኑ ክለብ። የድሮ ስሙ ፉትስክሬይ ነበር፤ የእኛ ሰዎች ምግብ ቤትና ቡና ቤት የከፈቱበት ያው ፉትስክሬይ። በ2016 በመደበኛው ውድድር ሰባተኛ ወጥቶ ዋንጫውን በላ፤ ከ1954 በኋላ የመጀመሪያው ነበር። ስልሳ ሁለት ዓመት! አርሰናልን ደግፎ «ዘንድሮ ነው» እያለ ያረጀ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ልዩነቱ፣ እዚህ ተስፋው በሕግ የተጻፈ መሆኑ ነው። ሶፍትዌር ሠሪ ነኝና በእኔ ቋንቋ ልናገር፦ እኩልነት በጎን የተለጠፈ ነገር አይደለም፣ ዋናው ኮድ ውስጥ ነው።

እንግዲህ ቅሬታዬ እዚህ ጋ ይጀምራል። ይሄን ያህል ለእኩልነት የሚጨነቅ ሊግ የዋንጫ ጨዋታውን የት እንደሚያካሂድ ታውቃላችሁ? ሁልጊዜ ሜልበርን፣ ኤምሲጂ ስታዲየም። ውሉ እስከ 2059 ድረስ ተፈርሟል። ወደ ሌላ ከተማ የሄደው በኮቪድ ምክንያት በ2020 ብሪዝበን፣ በ2021 ፐርዝ ብቻ ነው። በ2024 ለፍጻሜ የደረሱት ብሪዝበንና ሲድኒ ነበሩ፤ ሁለቱም ከሌላ ክልል በአውሮፕላን መጥተው ሜልበርን ተጫወቱ። ከ100,000 በላይ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ስለሆነ ነው ይባላል። እውነት ነው። ግን ከ18ቱ ክለቦች 10ሩ የቪክቶሪያ መሆናቸውም እውነት ነው። የሊጉ የድሮ ስም እስከ 1989 ድረስ የቪክቶሪያ እግር ኳስ ሊግ ነበር፤ ስሙን «አውስትራሊያ» ብሎ ቀየረ እንጂ ልቡ ከሜልበርን አልወጣም።

ታስማኒያን ተመልከቱ። ከጥንት ጀምሮ ይሄን ጨዋታ የምትጫወት፣ ለትልልቆቹ ክለቦች ተጫዋች ስትልክ የኖረች ደሴት ናት። የራሷ ክለብ ፈቃድ ያገኘችው በ2023 ነው፤ ይገባል የተባለው በ2028። ለዚያውም ሆባርት ላይ ጣሪያ ያለው አዲስ ስታዲየም ካልሠራችሁ ተብለው ነው፤ የክልሉን ፖለቲካ ያመሰው ቅድመ ሁኔታ ይሄ ነው። ጎልድ ኮስት በ2011፣ የምዕራብ ሲድኒው ጂደብልዩኤስ በ2012 ሲገቡ ግን ሊጉ ራሱ ገንዘብ ይዞ ነው የሄደው፤ ገበያው እዚያ ነበራ። ጨዋታውን የሚወደው በር ላይ ይጠብቃል፣ ገና እንዲወደው የሚፈለገው ይለመናል።

በነገራችን ላይ የዘር ውርስም አለ። አባትህ ለክለቡ 100 ጨዋታ ከተጫወተ ክለቡ አንተን ለመውሰድ ቅድሚያ ያገኛል። በ2024ና በ2025 ብሪዝበን ዋንጫ ሲበላ የፍጻሜው ኮከብ የሆነው ዊል አሽክሮፍት እንዲህ ነው የመጣው፤ አባቱ ማርከስ ለዚያው ክለብ ሦስት ዋንጫ ያነሳ ተጫዋች ነበር። ታሪኩ ልብ ይነካል፣ አልክድም። ግን አባቱ በስደተኛ መርከብ የመጣ ልጅ በዚህ ሕግ ምን ያገኛል? ምንም። እኩልነቱ ላይ በፍቅር የተበሳ ቀዳዳ ነው፤ ግን ቀዳዳ ነው።

እና ስለ ማን ጨዋታ ነው የምናወራው? ሕጎቹ መጀመሪያ የተጻፉት በ1859 ሜልበርን ነው። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ቶም ዊልስ ልጅነቱን ከአቦርጂናል ልጆች ጋር ነው ያሳለፈው፤ «ማርን ግሩክ» የሚባለው የነባሮቹ የኳስ ጨዋታ ፉቲን ወልዷል ወይስ አልወለደም የሚለው የታሪክ ሰዎችን እስካሁን ያከራክራል። የማያከራክረው ግን ሊጉ ለነባሮቹ ተጫዋቾች ያደረገው ነው። አዳም ጉድስ የሊጉን ትልቁን የግል ሽልማት ሁለት ጊዜ የወሰደ፣ በ2014 የዓመቱ አውስትራሊያዊ የተባለ ሰው ነበር። በ2013 ስድብን በአደባባይ አልቀበልም ስላለ፣ በ2015 ኳስ በነካ ቁጥር ስታዲየም ሙሉ ሰው እየጮኸበት ከጨዋታው ወጣ። ሊጉና ክለቦቹ ይቅርታ የጠየቁት በ2019 ነው፤ አራት ዓመት ቆይተው። የመሃል ሜዳ አቋቋም ሕግ ለመቀየር እንኳ ይሄን ያህል አይፈጅባቸውም።

ይሄ የድሮ ጣጣ ብቻ አይደለም። ዛሬ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን ቤተሰብ የመጡ ልጆች የጨዋታው ድምቀት ናቸው። ማጃክ ዳው በ2013 መንገዱን ጠረገ፤ ካኩማ መጠለያ የተወለደው አሊር አሊር ከምርጥ ተከላካዮች አንዱ ሆነ፤ ለሃውቶርን ሲጫወት የነበረው ቻንግኩዎዝ ጂያት ደግሞ የተወለደው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። የነገው ፉቲ ፊት ይሄ ነው። እነዚህ ልጆች የጉድስ ዓይነት ነገር ቢገጥማቸው ሊጉ በስንት ቀን ይናገራል? ጥያቄዬ ይሄው ነው።

ሌላው ሁሉ ቢቀር ግን ይሄ አይቀርም፦ ጭንቅላት። በሴፕቴምበር 2023 የሜልበርኑ አንገስ ብሬሾው ኳስ መትቶ ሳይጨርስ፣ ምቱን ሊያግድ የዘለለ ተጫዋች አየር ላይ ተጋጨውና ራሱን ስቶ ወደቀ። በ2024 መጀመሪያ በሐኪም ምክር ጨዋታ አቆመ። 28 ዓመቱ ነበር። ሄዘር አንደርሰን በ2017፣ የሴቶቹ ሊግ በተጀመረበት ዓመት፣ ከአደሌድ ጋር ዋንጫ ያነሳች ልጅ ናት። በ2022 ስታርፍ እሷም 28 ዓመቷ ነበር፤ አንጎሏ ሲመረመር በተደጋጋሚ ምት የሚመጣው ሲቲኢ የተባለው ሕመም ተገኘ። በዓለም ላይ ይሄ በሽታ የተገኘባት የመጀመሪያዋ ፕሮፌሽናል ሴት ስፖርተኛ ሆነች። እኔም በዚያው ዕድሜ አካባቢ ነኝ። የምኖረው በጭንቅላቴ ነው፤ ኮድ የሚጻፈው በሱ ነው፤ ሃያ ስምንት ዓመት ላይ «ከዚህ በኋላ አይቻልም» መባል ምን እንደሆነ ለመገመት ብዙ ማሰብ አያስፈልገኝም።

ሊጉ ምንም አላደረገም ማለት ሐሰት ይሆናል። አንጎሉ የተናወጠ ተጫዋች ቢያንስ 12 ቀን እንዲያርፍ ደንግጓል፤ ከብሬሾው በኋላም ምት ለማገድ የሚዘል ሰው ኃላፊነት እንዲወስድ ሕጉን አጥብቋል። ግን ሁሉም ከአደጋ በኋላ የሚመጣ ፓች ነው። በእኛ ሙያ አንድ ዓይነት ባግ ደጋግሞ ከወጣ ፓች መለጠፍ ትተህ ዲዛይኑን ትጠይቃለህ። ለምሳሌ በልምምድ ቀናት ስንት ግጭት ይበቃል? አንድ ልጅ በስንት ዓመቱ ነው መታገል የሚጀምረው? የፉቲ ዕጣ የሚወሰነው በ4.5 ቢሊዮን ዶላሩ የቴሌቪዥን ውል አይደለም። የሚወሰነው ቅዳሜ ጠዋት ልጇን ሜዳ ልውሰደው ወይስ ቅርጫት ኳስ ይሻለዋል እያለች የምታስብ እናት ቤት ነው።

ያቺ እናት ቴሌቪዥን ስትከፍት ደግሞ የምታየው ውርርድ ነው። ይሄ ለአዲስ አበባ ልጅ አዲስ አይደለም፤ በየሰፈሩ ቤቲንግ ቤት የተሰለፈውን ወጣት እናውቀዋለን። አውስትራሊያ ግን ሁሉ ነገር ስልክ ውስጥ ነው፤ ሊጉም ከሚወራረደው ገንዘብ ድርሻ ይወስዳል። በ2023 በፒታ መርፊ የተመራ የፓርላማ ኮሚቴ የኦንላይን ቁማር ማስታወቂያ በሦስት ዓመት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይታገድ አለ። ሁለት ዓመት አልፎም ሙሉው እገዳ አልመጣም፤ ከተቃወሙት ውስጥ ሊጎቹ አሉበት። ከተሸናፊው ኪስ ድርሻ የሚወስድ ሊግ ስለ እኩልነት ሲያወራ አፉን አያደናቅፈውም?

አንዳንዱ ደጋፊ የሚጨነቀው ፉቲ ዓለም አቀፍ ስላልሆነ ነው። ከ2017 እስከ 2019 ሻንጋይ ድረስ ሄደው ለነጥብ የሚቆጠር ጨዋታ አድርገዋል፤ ከዚያ ኮቪድ መጣ፣ ነገሩም ቀረ። እኔ አላዘንኩም። የአንድ አገር ጨዋታ መሆን ነውር አይደለም። እኛ ገና አለን። ዱላና ጥንጓ ይዞ ሜዳ የወረደ ሁሉ እኩል ነበር፤ ሎሌ ጌታውን ቢመታ እንኳ ቂም አይያዝም ይባላል። ገና የደከመው ሻንጋይ ስላልደረሰ አይደለም፤ የዓመት በዓል ትዕይንት አድርገን ልጆቻችንን ማጫወት ስለተውን ነው። ፉቲ በየሰፈሩ ሜዳ፣ በየክለቡ በጎ ፈቃደኛ አሁንም በሕይወት አለ። ያ ከሞተ ስታዲየሙ ጣሪያ ኖረው አልኖረው ምን ዋጋ አለው?

ስለዚህ ኳሷን ተዋት። ወደ ላይ ትወርወርም መሬት ትፈጥፈጥም፣ ሞላላ ናት፤ መሬት ስትነካ ያው እንደ ፈቀደች ትሄዳለች፤ ሴንት ኪልዳም ሆነ ኮሊንግዉድ ዋንጫ የበሉት በእንደዚህ ዓይነት ሽራፊ ነጥብ ነው። የሚስተካከለው ሌላ ነው። የዋንጫ ጨዋታው ቢያንስ አንዳንዴ ተራ በተራ ይዙር። የቁማሩ ማስታወቂያ ይውረድ። የልጆች ልምምድ ላይ ግጭት በቁጥር ይገደብ። አንድ ተጫዋች በዘሩ ሲሰደብ መግለጫው አራት ዓመት ሳይሆን በዚያው ምሽት ይውጣ። አንዳቸውም ኳስ ቀጥ አድርጎ ከማንጠር አይከብዱም።