«በራስ መተማመን» አባትን ይለካልን?

አባቶች ሕፃን ልጃቸውን ለማሳደግ ያላቸውን የችሎታ እምነት የሚለካ መጠይቅ ወደ አማርኛ ሲመለስ በቅድሚያ ወደ ብዕር የሚመጣው «በራስ መተማመን» የሚለው ሐረግ ነው። ሐረጉ የተለመደ ነው፤ ለዚህ ጉዳይ ግን የሚስማማ አይመስለንም።

አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 የተነተነው ፅንሰ ሐሳብ አንድ ሰው አንድን የተወሰነ ተግባር እወጣዋለሁ ብሎ የሚያምነውን ይመለከታል። በማግስቱ ዓመት ጊቦ ዎልስተንና ዎንደርስማን ለሕፃናት ወላጆች ያዘጋጁት ባለ17 ጥያቄ መለኪያም የችሎታን ስሜት ከእርካታ ለይቶ ይጠይቃል። በአማርኛ ግን «በራሱ ይተማመናል» የሚባለው ደፋር፣ ኩሩ፣ ሰው ፊት የማያፍር ነው። እንዲህ ያለው አባት የሚያለቅስ ልጅ ማባበል ላያውቅ ይችላል፤ ዐይነ አፋሩ ደግሞ አጥቦ፣ አብልቶ ያስተኛ ይሆናል። ሐረጉ የፊተኛውን ከፍ፣ የኋለኛውን ዝቅ ያደርጋል።

«ማሳደግ» የሚለውም ቃል ጣጣ አለው። «ሴት ያሳደገው» የሚለው ስድባችን (ለእናቶች ውለታ የተከፈለ ክፉ ዋጋ!) የአባትን ድርሻ ከመቅጣትና ከማረም አያሳልፈውም። ስለዚህ «ልጅ ማሳደግ ይችላሉ?» የተባለ አባት ስለ ቀለብና ስለ አርጩሜ ሊመልስ ይችላል።

መጠይቁ ወደ አዋሽ ሸለቆ ሲወርድ ችግሩ ይብሳል። የባቡር ከተማ በሆነችው በአዋሽ ሰባት ኪሎ በአማርኛ የሚመልስ አባት አይታጣም። በሰመራ ግን ጥያቄው ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ ከዚያም በአስተርጓሚ አፍ ወደ አፋርኛ ከተሻገረ ስሕተት በስሕተት ላይ ይደረባል። «አባ» በአፋርኛ አባት ነው፤ በአማርኛ መነኩሴም ይጠራበታል። በአርብቶ አደሩ ቤት ወንዱ ከግመሎቹ ጋር ርቆ ይሰነብታል፤ የሰሌን ቤቱን የምትሠራውም ሕፃኑን የምትይዘውም ሴቲቱ ናት። ይህ አባት «ልጅ ማጠብ አልችልም» ቢል ችሎታውን መጠራጠሩ ነው ወይስ ሥራው የእርሱ አለመሆኑን መናገሩ? መጠይቁ ሁለቱን ካልለየ የአፋሩን አባት ያለ ጥፋቱ ደካማ አድርጎ ይመዘግበዋል።

በበኩላችን ለሙያው ስያሜ «የብቃት እምነት» ቢባል እንመርጣለን። «እምነት» ሃይማኖትን ያስታውሳል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ «ግምት» ግን ከዚያ የባሰ የላላ ነው። በጥያቄዎቹ ውስጥ ግን ስያሜው ራሱ ባይገባ ይሻላል፤ «ልጅዎ ሌሊት ሲያለቅስ ማባበል ይሆንልዎታል?» ቢባል ይበቃል። የአፋርኛውም ቃል ከአማርኛው ከሚቀዳ ይልቅ በመጀመሪያ ከአፋር አባቶች አንደበት ይጠየቅ።