የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት በምን ይመዘን?

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲን ታሪክ የሚያወሱ ሰዎች ፕሬዚዳንቶቹን በመጡበት በር የመመዘን ልማድ አላቸው። ልጅ ካሣ ወልደ ማርያም የንጉሠ ነገሥቱን የልጅ ልጅ ያገቡ ስለ ነበሩ የቤተ መንግሥት ሰው ይባላሉ፤ ዶክተር አክሊሉ ሀብቴ ግን የትምህርት ፋኩልቲ ዲን ስለ ነበሩ የመምህራን ወገን ተብለው ይመሰገናሉ። ይኸ ሚዛን ለእኛ የጐደለ ኾኖ ይታየናል።

ልጅ ካሣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1962 እስከ 1969 መሩ። በ1964 የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የተቋቋመው በእርሳቸው ዘመን ነው። በዚህም ተማሪው ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወርዶ፥ አብዛኛውን ጊዜ በማስተማር፥ እንዲያገለግል ተደነገገ። የከተማ ልጅ ኾኖ የጭሰኛውን ኑሮ በዓይኑ አይቶ የተመለሰው ብዙ ነው። ከቤተ መንግሥት ሰው ይኸ ይጠበቅ ነበርን?

በ1969 ዶክተር አክሊሉ ተተኩ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ተገደለ፤ በማግሥቱም ወታደሮች ግቢው ገብተው በተማሪዎች ላይ ተኰሱ። የፕሬዚዳንቱ መምህርነት ያንን ሊያግድ አልቻለም።

ልምድ ከንቱ ነው አንልም፤ ዶክተር አክሊሉ በኋላ በዓለም ባንክ የትምህርትን ክፍል እስከ መምራት ደርሰዋል። ነገር ግን የዩኒቨርሲቲው ቻንስለር ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ነበሩ። አማቹም ኾነ መምህሩ ያለ ቻንስለሩ ፈቃድ በዚያ ወንበር አይሰነብቱም ነበር።