ጉሩሽ፣ ፔሳ፣ ብር፦ የንግድ መለያ ወጥነት ከሸሪካት ሲታይ

ሸሪካት በጁባ ከነጭ ዓባይ ወንዝ ምሥራቅ፣ ወደ ኒሙሌ በሚወስደው መንገድ ያለ ሰፈር ሲሆን፣ ስሙ ከዐረብኛው «ኩባንያዎች» ከሚለው ቃል ጋር አንድ ነው። ስለ ንግድ ስያሜ ለሚጽፍ ሰው የተመቸ መነሻ ነው። የግብይት መመሪያዎች «ወጥ መለያ» ሲሉ በአብዛኛው አንድ ዓርማ፣ አንድ ቀለምና አንድ የፊደል ቅርጽ ማለታቸው ነው። ይህ አተያይ ወጥነትን ለዓይን ብቻ ይተወዋል፤ ስያሜው ከአፍ ወደ አፍ ሲሻገር ምን እንደሚሆን አይጠይቅም።

በቀጣናችን ሦስት የሞባይል ገንዘብ ስያሜዎች በአንድ ስልት ተቀርጸዋል፦ የኬንያው ኤም-ፔሳ (2007 እ.ኤ.አ.)፣ የደቡብ ሱዳኑ ኤም-ጉሩሽ (2019) እና የኢትዮጵያው ቴሌብር (2021)። መነሻቸው ስልክን፣ መድረሻቸው ገንዘብን ያመለክታል። የጁባ ዐረብኛው «ጉሩሽ» የ«ቂርሽ» ብዙ ቁጥር ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የብር ክፋይ የነበረው ግርሽም፣ የኦሮምኛው «ቀርሺ»ም ከዚሁ ምንጭ የተቀዱ ናቸው። እንግዲህ ለኦሮምኛ ተናጋሪው የገንዘብ ስሙ ከአዲስ አበባው ስያሜ ይልቅ ለጁባው ይቀርባል።

ችግሩ ያለው «ሽ» ላይ ነው። በጁባ ዐረብኛ «ሽ» እና «ስ» ይቀያየራሉ፤ «ጉሩስ» የሚለውም ትክክለኛ አነጋገር ነው። ባሪ «ሽ»ን፣ ዲንካ ደግሞ ሁለቱንም በነባር ድምፆቻቸው ውስጥ አያውቋቸውም። ስለዚህ በጽሑፍ አንድ የሆነው ስያሜ በገበያ ቢያንስ ሁለት ነው፤ የተመረጠውም አጻጻፍ ለካርቱም ዐረብኛ የቀረበው ነው። ጉዳዩ የውበት ብቻ አይደለም። ማንበብ የማይችል ደንበኛ አገልግሎቱን የሚለየው በጆሮው ነው። «ትክክለኛው ጉሩሽ ብቻ ነው» ከተባለ የገዛ አፉ ያጠራጥረዋል፤ ማንኛውም ድምፅ ካለፈ ደግሞ ለአስመሳይ በር ይከፈታል። በእኔ ግምት ሁለቱን አነጋገሮች በድምፅ ማስታወቂያ አጣምሮ ማሰማት ከሁለቱም ጽንፍ ይሻላል።

በፊደል ረገድ ያለው ጉድለት ደግሞ ሌላ ነው። የጁባው ስያሜ በላቲን ሲጻፍ «ኤም» በትንሹ፣ ቀሪው በትልቁ ፊደል ነው፤ ልዩነቱ ቅጥያውን ከስሙ ይለያል። ቴሌብርም በላቲን ሁሉን በትንሹ ይጽፋል። ግዕዝም ዐረብኛም ትልቅና ትንሽ ፊደል የላቸውምና ይህ ሁሉ ይጠፋል፤ «ኤም-ጉሩሽ» በእኛ ፊደል ሲሰፍር ሸክሙ በጭረቷ ላይ ብቻ ይወድቃል። ንድፍ አውጪው ወጥነትን የመሠረተው ሌሎቹ ፊደላት በሌላቸው ነገር ላይ ነው።

ቴሌብር ከዚህ ብዙም አይጎዳም። «ቴሌ» ሕዝቡ ለድርጅቱ ቀድሞ ያወጣው ስም ነው፤ ቃሉም «በቴሌብር»፣ «ቴሌብሬ» እያለ ያለ ቅሬታ ይረባል። በ2023 ኢትዮጵያ የገባው ኤም-ፔሳም «በኤም-ፔሳ» ይባላል፤ ነገር ግን «ፔሳ» ለአማርኛ ተናጋሪ ገንዘብ ማለት አይደለም፣ ድምፅ ብቻ ነው። የቴሌብር ብልጫ ግን ከአማርኛ ጋር የተጣበቀ ነው፤ በሶማልኛ «ቢር» ብረት ነው።