የፈጠራ ዓለም ሕግ ማንን ያስራል?

ወጣቶች በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፥ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ሆነው በፈጠራ አገር የሚጓዙበት ጨዋታ ዛሬ በብዙ አገር ተስፋፍቷል። ከነዚህ ጨዋታዎች ቀዳሚ የሚባለው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1974 በአሜሪካ የታተመው «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ነው። የአገሩን ጠባይ የሚወስን አንድ መሪ አለ፤ እርሱም ከወደደ ድንጋይ ወደ ላይ ይወድቃል፥ ጥላም ይናገራል ብሎ መደንገግ ይችላል። ስለነዚህ አገሮች የሚናገሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያመሰግኑት እንግዳነታቸውን ነው። በእኛ አስተያየት ግን እንግዳ ነገር መፍጠር ቀላሉ ሥራ ነው። ሊጠየቅ የሚገባው፥ የተለወጠው የተፈጥሮ ሕግ ያወጣውን ሰው ራሱን ያስረዋል ወይ? የሚለው ነው። ይህንንም ይልቁን በሐረር ምሳሌ ልንመረምረው አስበናል።

አስቀድመን ከውጭ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የቋንቋ ሊቅ የነበሩት ኤም. ኤ. አር. ባርከር በ1975 ለእንደዚህ ያለ ጨዋታ «ቴኩሜል» የተባለ ዓለም አሳትመው ነበር። በዚያ ዓለም ሌሊት በሰማይ ላይ ከዋክብት አይታዩም፤ ብረትም እጅግ ብርቅ ነው። ደራሲው ይህን ከደነገጉ በኋላ ጀግኖቻቸውን ሁሉ የብረት ጥሩር አላለበሱም፤ የጦር ዕቃው እንዲጠነክር ከተዘጋጀ የእንስሳ ቆዳ የተሠራ ነው። ሕጉ ደራሲውን ስላሰረ ዓለሙ ሊታመን ቻለ።

የእኛም ልጆች ይህን ሥርዓት ያውቁታል። «እንቆቅልህ?» ሲባል «ምን አውቅልህ?» ብሎ የመለሰ ልጅ ፍቺው ካቃተው «አገር ስጠኝ» ይባላል። የስምንት ዓመት ልጅ ጎንደርን ወይም ሐረርን ያህል አገር ይሰጣል፤ ተቀባዩም እንደ ገዥ ገብቶ ይፎክራል። አለማወቅ አገር የሚያስከፍልበት ዓለም ነው። ነገር ግን ጠያቂው አገሩን ከተቀበለ በኋላ ፍቺውን መናገር ግዴታው ነው፤ ፍቺው ከጥያቄው ጋራ ካልገጠመ ልጆቹ ሁሉ ይጮኹበታል። ስለዚህ ጠያቂውም በገዛ ሕጉ ታስሯል።

ከጨዋታ ወደ እምነት ስንሻገር ነገሩ ይከብዳል፤ እምነትን ከጨዋታ እኩል ማድረጋችንም አይደለም። የምንመለከተው አንድ አውሬ በሁለት ልዩ ልዩ ሕግ ሥር ሲውል ምን እንደሚያስከትል ነው። የሐረር ግንብ ጁገል በ16ኛው መቶ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን እንደ ተሠራ ይነገራል። ከአምስቱ ጥንታዊ በሮች ሌላ ከግንቡ ሥር ዝቅ ያሉ ቀዳዳዎች አሉ፤ በነዚህም ጅብ ሌሊት ይገባል። ሐረሪዎች «ወራባ» የሚሉት ይህ አውሬ ጂንን ይበላል ተብሎ ስለሚታመን፥ ወደ ከተማ መግባቱ እንደ ጥቅም ይቈጠራል። በአሹራ ጊዜ ደግሞ ገንፎ ይቀርብለታል፤ ቢበላው ዓመቱ መልካም፥ ቢተወው ክፉ ይሆናል ይባላል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፥ ጅቡ እምቢ ማለት የሚችል መሆኑ ነው። ገንፎውን ያቀረበው ሰው መልሱ ባይወደድለትም ይቀበላል።

በሌላው ወግ ግን ጅብ በሌሊት የተለወጠ ሰው ነው። ቡዳ ተብሎ የሚጠረጠረውም ብዙውን ጊዜ ብረት ሠሪውና ሸክላ ሠሪው ነው። ጉትቻ ያደረገ ጅብ ተገኘ የሚለው ወሬ በ19ኛው መቶ ዓመት እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ በጻፈው ውስጥ ሳይቀር ገብቷል። ጉትቻ ቢገኝ ማስረጃ ይሆናል፤ ባይገኝ ግን ማንም ነጻ አይወጣም። በሐረርም ከአምስቱ በሮች አንዱ በአማርኛ ቡዳ በር ይባላል፤ ስለዚህ ሁለቱ ወጎች በአንድ ግንብ ይገናኛሉ።

እኛ በተማርንበት የሚስዮን ትምህርት ቤት አንድ የብረት ሠሪ ልጅ ነበረ። ምሳ ስንበላ እንዳያየን ፊታችንን ወደ ግድግዳ እናዞር ነበር። ዝም ሲል «ነገሩን ደብቆ ነው» እንላለን፤ ሲቈጣ «ተነሣበት» እንላለን። አንድ ልጅ ታሞ ሲቀር «እርሱ በላው» ይባላል፤ ማንም ሳይታመም ሲቀር ደግሞ «ጠግቦ ነው» ይባላል። በዓመቱ አጋማሽ ትምህርቱን ትቶ ሄደ፤ ያን ጊዜም «ዐወቅንበት» አልን። ሕጉ እርሱን በአራት ወገን ሲያስረው፥ እኛን በአንድም ወገን አላሰረንም። እንቆቅልሽ ብንጫወት ኖሮ ፍቺውን እንድንናገር እንገደድ ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ስድቡን ከለከለ፤ ወሬው ግን ከዚያ ብዙ ዘመን በኋላ እኛ ክፍል ደረሰ። ይህም የሆነው ወሬው ለማስረጃ ስለማይገዛ ይመስለናል።

እንግዲህ አዲስ ዓለም ለጨዋታ የሚፈጥር ሰው ሁለት ነገር ቢጠይቅ እንወዳለን፤ ይኸውም ሕጉ ሐሰት የሚሆነው ምን ሲታይ ነው? ሲፈጸምስ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? የሚል ነው። ተረትና ወግ ለሚሰበስቡ ጓደኞቻችንም እነዚሁኑ ሁለት ጥያቄዎች ከተረቱ ጎን እንዲጽፉ እናሳስባለን። እኛ ለጓደኛችን ሳንጠይቅለት ቀርተናልና።