ሰሙን ጥሎ ወርቁን መተርጐም፦ የግጥም ቅርጽ ለፍች ስላለው ድርሻ

ስለ ግጥም በሚጻፉ ሒሳዊ ጽሑፎች ውስጥ «ቅርጽ» እና «ይዘት» የሚሉት ሁለት ቃላት ጐን ለጐን ሲሄዱ ማየት የተለመደ ነው። ሐያሲው አስቀድሞ ይዘቱን ይተርካል፤ ቀጥሎም «ወደ ቅርጹ ስንመጣ» ብሎ የቀለሙን ቁጥርና ቤት አመታቱን ይዘረዝራል። ሁለቱ ክፍሎች ግን እርስ በርስ አይነጋገሩም። ስሕተቱ ከስያሜው የሚጀምር ይመስለናል። «ይዘት» ያዘ ከሚለው ግሥ የወጣ በመሆኑ፣ ቅርጽን እንደ ዕቃ፣ ፍችንም በዕቃው ውስጥ እንደ ተቀመጠ ነገር አድርገን እንድናስብ ይመራናል። ዕቃው ቢለወጥም የተያዘው ነገር ያው ነው እንደ ማለት ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንሞግተው ይህን አስተሳሰብ ነው።

የቅኔ መምህራን ለዚሁ ጉዳይ ያቈዩልን ስያሜ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ሰምና ወርቅ የሚለው አነጋገር ከአንጥረኛ ሙያ የተወሰደ ነው። አንጥረኛው የፈለገውን ጌጥ አስቀድሞ በሰም ይቀርጻል፤ በጭቃ ይሸፍነዋል፤ በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ስፍራ የቀለጠ ወርቅ ይፈስበታል። እንግዲህ ወርቁ መልኩን ያገኘው ከሰሙ ነው ማለት ነው። ሰሙ በሌላ አኳኋን ተቀርጾ ቢሆን ኖሮ ወርቁም ሌላ ጌጥ ይሆን ነበር። ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. «ሰምና ወርቅ» በሚል ርእስ ባሳተመው መጽሐፍ ስያሜው ከግጥም ወጥቶ የአንድን ኅብረተሰብ ጠባይ መግለጫ ሆኗል። ዛሬ ብዙ ሰው ሰምን «መሸፈኛ»፣ ወርቅን «እውነተኛው ፍች» አድርጎ ሲያቀርብ እንሰማለን። በዚህ አፈታት የአንጥረኛው ሥራ ተዘንግቷል።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት ያህል፣ ከሌላ ሰው ሳንዋስ ራሳችን የገጠምነውን አንድ ጥንድ ስንኝ እናቅርብ፦

መሶቡ ሙሉ ነው፣ መጠጡ መች ታጣ፤
ለመጣው እንግዳ ልብስ ከየት ይምጣ?

ስንኞቹ በወል ቤት የተገጠሙ ናቸው፤ ማለትም እያንዳንዱ ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም ባላቸው ሁለት ሐረጎች ይከፈላል። «መ-ሶ-ቡ-ሙ-ሉ-ነው» ስድስት ነው፤ «ለ-መጣ-ጣው-እን-ግ-ዳ» በሚለውም ውስጥ፣ የጠበቀውን «ጣ» በሁለቱ ቀለሞች መካከል ከፍለን «ለ-መጥ-ጣው-እን-ግ-ዳ» ብንለው፣ ስድስት እናገኛለን። ኅብሩ ያለው በመጨረሻው ሐረግ፣ «ልብስ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ቃሉ ላልቶ ሲነበብ የሚለበሰው፣ ለእንግዳም ሌሊት የሚደረብለት ልብስ ነው፤ ይህ ሰሙ ነው። «ብ» ጠብቆ ሲነበብ ግን «ልብ» የሚለው ስም «ስ» የሚለውን ቅጥያ ይዞ «ልብማ ከየት ይምጣ» ማለት ይሆናል። ቤቱ ሞልቶ የቸርነት ልብ እንደ ጐደለ ይነግረናል፤ ይህም ወርቁ ነው።

አሁን ቀለሙን እንቊጠር። ላልቶ የሚነበበው «ልብስ» አንድ ቀለም ስለ ሆነ ሐረጉ «ልብስ-ከ-የት-ይም-ጣ» ብሎ በአምስት ይቀራል። ጠብቆ ሲነበብ «ልብ-ብስ-ከ-የት-ይም-ጣ» ብሎ ስድስቱን ይሞላል። ፊደላችን ጥብቀትን ስለማያሳይ ዐይን በመጀመሪያ የሚያገኘው ልብሱን ነው፤ ሦስቱን ሐረጎች በስድስት ስድስት ቀለም ሲሰማ የቈየ ጆሮ ግን በአራተኛው ላይ አንድ ቀለም እንደ ጐደለ ይሰማዋል። አድማጩን ወደ ወርቁ የሚመራው ይህ ጉድለት ነው። ስለዚህ ምጣኔው እዚህ ላይ ለፍቹ ማስጌጫ ብቻ አይደለም፤ ከሁለቱ ፍችዎች የትኛው ቦታውን እንደሚሞላ ያመለክታል። ቤት መምቻውም ሥራ አለው። «ይምጣ» የሚለው ወደ «ታጣ» መልሶ ስለሚወስደን፣ በመጀመሪያው ስንኝ አልታጣም የተባለው ነገር በሁለተኛው መታጣቱ ይሰማናል።

ያንኑ ነገር በዝርው እንጻፈው፦ «መሶቡ ሙሉ ነው፤ መጠጥም አልታጣም፤ ነገር ግን ለመጣው እንግዳ የሚሆን ልብስ የለም።» ከይዘቱ ምን ቀረ? ይዘት ማለት ወሬው ከሆነ ምንም አልቀረም። ሆኖም «የሚሆን» የሚለው ቃል ከፊቱ ስለ ገባ «ልብስ» የሚደረበው ብቻ ሆኖ ቀርቷል። የቀለሙ ጉድለትም ሆነ ጥያቄው የለም። ልብ የሚለውን ፍች የሚፈልግ አንባቢ ከዚህ ዝርው ሊያገኘው አይችልም። ቅርጹ ሲፈርስ ግማሹ ፍች አብሮ ፈርሷል።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ እንደሚችል እናውቃለን። አንደኛው፣ ግጥም በዜማ ሲባል ድምፅ ተስቦ የጐደለ ቀለም ሊሞላ ይችላል የሚል ነው። እውነት ነው፤ በዚያን ጊዜ ምጣኔው ሚዛኑን ያዘነብላል እንጂ አይፈርድም። ሁለተኛው፣ ኅብር ሁሉ እንዲህ አይደለም የሚል ነው። ይህም እውነት ነው። የሚጠጣው «ጠላ» እና ወደደ ለሚለው ተቃራኒ የሆነው «ጠላ» በጥብቀትም በቀለም ቁጥርም አንድ ናቸው፤ እዚያ ላይ የሚፈርደው የቃሉ ቦታና የዐረፍተ ነገሩ አሠካክ ነው። እኛ የምንለው እያንዳንዱ የቅርጽ አካል በየግጥሙ ፍች ይወልዳል አይደለም። ይወልድ እንደ ሆነ ሳይመረመር ፍቹን ለይቶ ማውጣት አይገባም ነው።

ይህ ለስያሜ ሥራ የሚያመጣው ጣጣ ቀላል አይደለም። «ቤት» የሚለውን ቃል ብቻ ብንወስድ፣ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ መወድስ ስምንት ቤት አለው ሲባል መስመርን፣ ቤት መታ ሲባል የመድረሻውን ድምፅ ስምምነት፣ የወል ቤት ሲባል ደግሞ የምጣኔን ዓይነት ያመለክታል። «ሐረግ»ም ለገጣሚው የስንኝ ክፋይ፣ ለሰዋስው አጥኚው የቃላት ስብስብ ነው። መዝገበ ቃላት አዘጋጆች እነዚህን ፍችዎች በቁጥር ለይተው፣ ለእያንዳንዱም ሙያውን ጠቅሰው ቢያስቀምጡ፣ ተርጓሚው በአንዱ ስፍራ ሌላውን ከመጻፍ ይድናል። «ሰም»ም በሥነ ግጥም ፍችው «ወርቁን የሚቀርጽ» የሚለውን እንዲጨምር እናሳስባለን። ከሁሉ በላይ ግን በየመግቢያ ቃሉ የሚጠብቀውና የሚላላው ፊደል በምልክት ይለይ፤ ይህ ካልሆነ ከላይ ያየነውን ዓይነት ስንኝ በመዝገበ ቃላት እየተረዳ ሊፈታ የሚነሣ የውጭ ተርጓሚ ገና ከደጃፉ ይመለሳል።

ለተርጓሚዎች የምንለው አንድ ነገር ነው። ኅብሩን የሚሸከም ቃል በሌላው ቋንቋ ሲታጣ፣ ብዙዎች ወርቁን ብቻ ወስደው ግልጽ ምክር አድርገው ያቀርቡታል። እኛ ተቃራኒውን እንመርጣለን፤ ሰሙ በስንኙ ውስጥ ይግባ፣ ጥያቄውም ቦታውን አይልቀቅ፣ ወርቁ በማብራሪያ ይጻፍ። ከሰሙ ተነሥቶ ወደ ወርቁ የሚደርስ አንባቢ አለ። ወርቁን ብቻ የተቀበለ ግን ስለ እንግዳው፣ ስለ መሶቡና ስለ ልብሱ ምንም አልሰማም፤ የቤቱ ሙላት ያልታየው ሰው የልቡ መጉደል አይከነክነውም።