የውሮ ሳህን

ሽሮ ሜዳ፣ ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት ቤት ሁለት የድመት ሳህኖች አሉ፤ አንዱ ምድጃው ሥር፣ ሌላው አልጋው እግር አጠገብ። የአልጋው የታማሚዋ ውሮ ብቻ ነው። ሐኪሙ የደም ካንሰር የሚያመጣ ቫይረስ አለባት ካላቸው ወዲህ ሌላዋ ድመት ከዚያ ሳህን ቀምሳ አታውቅም።

እኔ ይህቺን ሳህን አደንቃታለሁ። በ1964 እ.ኤ.አ. ግላስጎው ላይ ዊሊያም ጃሬትና ባልደረቦቹ ያገኙት ይህ ቫይረስ በዋናነት የሚተላለፈው በምራቅ ነው፦ ሲላላሱ፣ ከአንድ ዕቃ ሲበሉ፣ ሲናከሱ። እናትም ለልጆቿ ታስተላልፋለች። ሰው ላይ አይጋባም። ለጤነኞቹ ክትባት አለ፤ ለታመመችው ግን ፈውስ የለም፣ እንክብካቤ እንጂ። 

እማማ ጠዋት ጠዋት የውሮን ከንፈር ገለጥ አድርገው ድዷን ያያሉ። ነጣ ካለ ደሟ ወርዷል ማለት ነው። ጥሬ ሥጋ ቀርቷል፤ አቅሟ የደከመ ድመት በትንሽ ጀርም ትወድቃለችና። ጉበት ቀቅለው፣ በጣታቸው አድቅቀው፣ ለብ ሲል ያቀርባሉ። እምቢ ስትል ጣታቸውን ያስልሷታል።

ውጪ መውጣትም ክልክል ነው። በሩ ገርበብ ሲል ጆሮዋ ይቆማል። «የት ልትሄጂ ነው የኔ እናት? ነይ ተመለሺ!» ይሏታል። ተመልሳ ቤት ውስጥ ከሚሸመነው ሸማ ሥር ትጋደምና የመወርወሪያውን ምልልስ በዓይኗ ትከተላለች።