ስለ መታሰቢያ አውቶሞቢሎች፤ መልክና እውነት

የአንድ ዝነኛ የውድድር አውቶሞቢል መልክ በሌላ ተራ መኪና ላይ ሲገለበጥ፥ ሥራው የመታሰቢያ አውቶሞቢል ይባላል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው፥ እንዲህ ያለው ሥራ ዘመኑን መሰለ የሚባለው ምን ሲያሟላ ነው የሚለውን ጥያቄ ነው። ለምሳሌ የመረጥነውም እ.ኤ.አ. በ1964 የሞንቴ ካርሎን ራሊ ያሸነፈችውን ሚኒ ኩፐር ኤስ ነው።

ይህች አካልዋ ቀይ፥ ጣራዋ ነጭ፥ ሞተርዋ 1071 ሲ.ሲ. የሆነ ትንሽ መኪና ከሚንስክ ተነሥታ፥ በፓዲ ሆፕኪርክ ነጂነትና በሄንሪ ሊደን ረዳትነት ለድል በቃች። የውድድር ቁጥርዋ 37፥ ታርጋዋ 33 ኢ.ጄ.ቢ. ነበር። አሁን የምትገኘው በእንግሊዝ አገር፥ በጌይደን በሚገኘው የብሪታንያ የሞተር ሙዚየም ነው።

እርስዋን ለመምሰል የተሠሩት ብዙ ናቸው። ሚኒ እስከ 2000 ድረስ ሲሠራ ስለ ቆየ፥ ሠሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት ከኋለኛው ዘመን መኪና ነው። ስሕተቱም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ሠሪው አስቀድሞ የሚቸኩለው ቁጥር 37ን ለመለጠፍና ከፊት ፓውዛ ለመደርደር ነው። ነገር ግን የ1964ቱ መኪና የበር ማጠፊያ በውጭ የሚታይ፥ የበሩም መስተዋት ወደ ጎን የሚንሸራተት ነበር፤ በእንግሊዝ አገር ይህ የተለወጠው በ1969 ነው። ቸርኬውም 10 ኢንች ሲሆን 12 ኢንች የሆነው በ1984 ነው። ስለዚህ ባለ 12 ኢንች ቸርኬውና መስተዋቱ በእጀታ የሚወርደው ሚኒ፥ ምንም ያህል ምልክት ቢለጠፍበት፥ የጥንት ካባ ደርቦ በዛሬ አነጋገር የሚናገር ተዋናይን ይመስላል።

አንዳንዶች «መታሰቢያ ነው እንጂ ቅጂ አይደለም፤ ጥቃቅኑን መቁጠር ምን ይጠቅማል?» ይሉናል። ክርክሩ በከፊል እውነት አለው። ከዓይን የተሰወረው ፍሬን ቢሻሻል፥ የደኅንነት ቀበቶም ቢጨመር አንነቅፍም፤ የሰው ሕይወት ከመልክ ይበልጣልና። ዳሩ ግን መታሰቢያነቱ የቆመው በሚታየው ነገር ላይ ስለ ሆነ፥ የሚታየውን ቸል ያለ ሠሪ መታሰቢያውን ራሱን ቸል ብሏል።

ሁለተኛው ነቀፌታችን ከመጠን ያለፈውን ትጋት ይመለከታል። አዲሱን ቀለም ሆን ብሎ የሚጫጭር ሠሪ አለ። የራሊ መኪና ጠባሳ የመንገድና የጠጠር ምስክር ነው፤ በጋራዥ የተሠራ ጠባሳ ግን ስላልተሄደበት መንገድ በሐሰት ይመሰክራል። ከዚህም የሚከፋው የእውነተኛይቱን ታርጋ ለጥፎ በአደባባይ መንዳት ነው። የዛሬው ባለቤት ነገሩን አውቆ ይደሰትበት ይሆናል፤ መኪናው ሦስትና አራት እጅ ካለፈ በኋላ ግን የሚገዛው ሰው በምን ይለያል?

እንግዲህ እንደ እኛ አስተያየት፥ መልካም መታሰቢያ ማለት ለዓይን ዘመኑን የሚመስል፥ በሊብሬው ግን ማንነቱን የማይደብቅ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ በአሮጌ መኪና ዘንድ ግን የጻፈው ሰው ከሌለ እውነት እያደር ይደፈርሳል።